ያልታጠበው የበረኛ ማልያ

አዴ ዲንቄ የማልያውን ኮሌታ በሁለት መዳፏ መካከል ይዛ ታሻለች። አሽታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፤ ደግማ ታሻዋለች። የአዳማ አቧራ ከላብ ጋር ሲገናኝ እንደ ቆሻሻ ሳይሆን እንደ ቀለም ነው የሚይዘው፤ በሳሙና ብቻ አይለቅም። ሳሙናም በዚያን ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው የሚያገኙት ነገር ነበር። ስለዚህ ከዋዜማው እንዶድ ወቅጣ ትዘፈዝፍና ጠዋት በስስ ጨርቅ አጥልላ ሳፋው ውስጥ ትገለብጠዋለች። የማልያዎቹ ቁጥር ከአቡጀዲ ተቆርጦ በእጅ የተሰፋ ስለሆነ ጠንከር ተደርጎ ከታሸ ጠርዙ ይላቀቃል። እጇ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ የሕፃን ጀርባ የምታጥብ ይመስል ይለሰልሳል።

ማልያዎቹ የጣቢያ ሰፈር እግር ኳስ ቡድን ልብሶች ናቸው። ዛሬ አዳማ ውስጥ ይህን ስም ቢጠሩት ዞር ብሎ የሚያይ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ያኔ ግን እሑድ እሑድ ሰፈሩ ቤቱን ዘግቶ ከግራሮቹ ሥር ወዳለው ሜዳ ይወጣ ነበር። ቡድኑን ያቋቋሙት የባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጆች፣ መካኒኮችና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው በግራ ክንፍ ይጫወታል፤ ጫማ ካደረገ ግን ኳስ መምታት አይሆንለትም። ገና ሜዳ ሲገባ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዝና ለተመልካች ያስይዛል። አምበሉም አሰልጣኙም አብዱናሲር ነው፤ ጎማ ጠጋኝ፣ ተረበኛ፣ ሆዱ ቂም የማይዝ ሰው። የተቀደደች ኳስ እሱ እጅ ከገባች አዲስ ሆና ትወጣለች።

ሰፈሩ «አዴ»፣ እናት፣ እያለ የሚጠራት ዲንቄ ከአቦምሳ በኩል በሙሽርነት የመጣች ናት። ባሏ ሆራ ጣቢያው ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር፤ እሑድ ደግሞ ኳሶቹን በመረብ ከረጢት አንጠልጥሎ ከቡድኑ ጋር ይዞራል። ቆቃ ድረስ ሄዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ አልተነሣም። ልጅ አልወለዱም። የቀብሩ ዕለት ተጫዋቾቹ ከሜዳ እንደወጡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ መጡና ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። እሷ አንገቷን ደፍታ የምታየው የአንዱን ማልያ እጅጌ ነበር፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እዝኑ እንዳለቀ አብዱናሲርን አስጠርታ፣ «ልብሳችሁን አምጡልኝ» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ልብስ ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

የራሷ ደንብ ነበራት። ማልያ ገልብጣ ታጥባለች፤ ገልብጣ ታሰጣለች፤ እጅጌዎቹን ወደ ደረት አጥፋ፣ እንደተገለበጠ አጣጥፋ ታስረክባለች። ተጫዋቹ ራሱ ይገለብጠዋል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ አያርፍም። ሽቦው ላይ የተሰጡት ማልያዎች ነፋስ ሲሞላቸው ደረታቸው ይነፋና ራስ የሌላቸው ሰዎች መስለው ወደ አጥሩ ይንጠራራሉ። ጎረቤት በዚያ ሰዓት በግቢው ማለፍ አይወድም ነበር። ዲንቄ ግን ለምዳዋለች።

ከሁሉ የተለየው የበረኛው ማልያ ነው። አረንጓዴ ነው፤ ክርኖቹ ላይ ስፖንጅ አለው፤ ቀለሙም ይለቃል። ስለዚህ በትንሽ ሳፋ ለብቻው ይታጠባል።

በረኛው ሙሉብርሃን ከቡልጋ የመጡት የወይዘሮ የሺዓለም አንድያ ልጅ ነው። እናቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች ቤት እህል እያበጠሩ ያሳደጉት ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነበር።

«አዴ ዲንቄ፣ የእኔን ማልያ ከሰው ለይተው የሚያጥቡት በሽታ አለበት?» ይላታል።

«ቀለሙ ይለቃል። ባለፈው የአብዱናሲርን ቁምጣ ጎመን አስመሰለው።»

«ደግ አደረገ። አንድ ቀን እንኳ አረንጓዴ ለብሶ የበረኛን መከራ ይየው።»

«ሂድ ከዚህ፤ እንዳትረግጥብኝ» ትለዋለች፤ ፊቷን ግን አታዞርም፤ እየሳቀች ነውና።

መንገደኛ የወጣበት ቤት ወዲያው እንደማይጠረግ ሁሉም ያውቃል። መንገዱን መጥረግ፣ ሰውየውን ዳግመኛ እንዳይመለስ ማድረግ ነው ይባላል። ዲንቄ ይህንኑ ወደ ማልያ አምጥታው ነበር። አንድ ተጫዋች ለሥራ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከተማውን ለቆ ሲሄድ መጨረሻ የለበሰው ማልያ አይታጠብም። ያ ሰው የሄደበት መድረሱ ሲሰማ ብቻ ነው ውሃ የሚነካው። ዳቦ ጋጋሪው ድሬዳዋ ሥራ ፍለጋ የሄደ ጊዜ ማልያው እንደ ቆሸሸ ተቀመጠ። አንድ ቀን የባቡር ሠራተኛ በቤቷ መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ደርሷል፤ ሥራም አግኝቷል» ብሎ ጮኸ። ዲንቄ ያኔውኑ ሳፋዋን አወጣች። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቆይተው ግን ራሳቸው ያስታውሷት ጀመር።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ቡድኑ ቆቃ ሄዶ ከዚያው ልጆች ጋር ተጫወተ። ሙሉብርሃን ሪጎሬ ያዘ። ከአግዳሚው ሥር ተወርውሮ ሲወድቅ የማልያው ግራ ክርን ተቀደደ፤ ጭቃም ጠጣ። በማግስቱ ዲንቄ የሌሎቹን አጥባ አስጥታ፣ በመጨረሻ አረንጓዴውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ አብዱናሲር በሩ ላይ ቆመ። ተረበኛው ሰው ያን ቀን ቀልድ አላመጣም።

«ሙሉብርሃንን ወሰዱት።»

«ማን?»

«ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሞ ሲመለስ ያዙት። መኪናው ላይ አየሁት፤ እጁን አነሣልኝ። ዱቄቱን ሰዎች ለእናቱ አደረሱላቸው።»

ዲንቄ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ማልያውን እንደ ቆሸሸ፣ እሱ ሲያወልቀው እንደነበረው ሳትገለብጠው አጠፈችና ባዶ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተተችው። በሲባጎ አሥራ፣ ቋጠሮውን ደግማ ቋጥራ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ የሺዓለም ይህን ሲሰሙ መጡ። ነጠላቸውን አጥብቀው አደግድገዋል።

«አላጠብሽውም?»

«አላጠብኩትም፣ እትዬ የሺዓለም። እስኪደርስ አላጥበውም።»

«ልየው?»

ዲንቄ አመነታች። «ባይከፈት ይሻላል። እሱ መንገድ ላይ ነው።»

ወይዘሮ የሺዓለም ተስማሙ። መዳፋቸውን ካርቶኑ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በተጫወተ ማግስት ሁሉ ይመጣሉ። ሰላምታቸው አጭር ነው፤ «አልታጠበም?» ይላሉ፤ «አልታጠበም» ትላለች፤ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፤ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ልጁን ከማሠልጠኛ አየሁት ብሎ ነበር። ኋላም ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ተቋረጠ። የእናትየው ተስፋ በሙሉ እዚያ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ማልያው ካልታጠበ ልጃቸው ገና መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ደግሞ ይመለሳል።

በግንቦት አብዱናሲር ልምምድ አስጨርሶ ሲመለስ በዲንቄ ደጃፍ ቆሞ ውሃ ለመነ። ጠጥቶም አልሄደም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይስቁብኝ።»

«አንተ ስትናገር ያልሳቅሁበት ጊዜ አለ?»

«ዛሬ በረኛ አልነበረንም፤ ባዶ ጎል ላይ ነበር የምንመታው። አቧራ እየተሽከረከረ በሜዳው መሀል መጣ። ይሄ የየቀኑ አውሎ ነፋስ ነው፤ ምንም የለበትም። ግን ሄዶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ቆመ። አልፎ አልሄደም። እኔም ለቀልድ ኳሷን መታሁለት።»

«እሺ?»

«ያዛት።»

«ማን ያዛት?»

«ነፋሱ። ኳሷ መስመሩ ላይ ቆመች። አቧራው ሲበተን እዚያው ነበረች፤ አንዲት ጣት አላለፈችም።» አብዱናሲር ኩባያውን መለሰላት። «ልጆቹ ሁሉ ልብሳቸውን ሰበሰቡ። እኔም ኳሷን አንሥቼ ወጣሁ።»

ዲንቄ አልሳቀችም።

ክረምት ገባ። በነሐሴ አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ጋብ ሲልላት፣ ዲንቄ ቀለማቸው ለቆ የማያውቀውን የተጫዋቾቹን የወይን ጠጅ ማልያዎች በትልቁ ሳፋ ዘፍዝፋ ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ አረፋው ደፈረሰ። ከዚያ ውሃው ቀለሙን ለወጠ። እጇን ስታወጣ ከክርኗ የሚንጠባጠበው ውሃ አረንጓዴ ነበር።

ሳፋውን ደፋችው። አጥባ አዲስ ውሃ ከጀሪካን ቀዳች። ማልያዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ፈተሸች፤ አረንጓዴ ክር እንኳ የለባቸውም። ደግማ ዘፈዘፈች። ውሃው ቀስ እያለ፣ ከታች ወደ ላይ፣ አረንጓዴ ሆነ። የእንዶዱ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ሌላ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ የሚያጥብ ይመስል ሽታው ከወዲያኛው ጎኗ ነበር የሚመጣው። ዞር አላለችም። ማልያዎቹን ጨምቃ በጠራ ውሃ አለቀለቀቻቸውና ወደ ቤት ገባች። ካርቶኑን ከታች ሆና አየችው። ቋጠሮው ራሷ እንደቋጠረችው ነው። መክፈት ፈራች፤ መንገደኛን በቀዳዳ እንደማየት መሰላት። ለማንም አልነገረችም።

መስከረም ሲቃረብ ከተማው በቀይ ጨርቅና በቅስት ተሞላ፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው። የቀበሌው የስፖርት ኃላፊ ጓድ ሰብስቤ ወደ ዲንቄ ግቢ መጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሲናገር ኋላውን የሚያይ ወጣት ነው።

«ጓድ ዲንቄ፣ ለበዓሉ ዋንጫ ቡድናችሁ ከወንጂ ልጆች ጋር ይጋጠማል። በረኛም ተገኝቷል። የበረኛው ማልያ ይታጠብና ይሰጠኝ።»

«እሱ ማልያ ባለቤት አለው።»

«ማልያው የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«ሰፊው ሕዝብ አይገባበትማ፤ የሚሆነው ለሙሉብርሃን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ነው፣ ኢልማ ኮ፤ አልደረሰም። አይታጠብም።»

ሰብስቤ ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን በኦሮምኛ «ልጄ» ስላለችው አልሆነለትም። «እናቴም እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እንግዶች ከበላይ ይመጣሉ። በረኛው አረንጓዴ ለብሶ ካልገባ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከየትም ይምጣ፤ አረንጓዴ ይሁን።»

ማልያው በግድ ቢወሰድና ቢታጠብ ወይዘሮ የሺዓለም ምን ይሆናሉ? ዲንቄ የምታስበው ይህን ብቻ ነበር። መፍትሔ ያመጣው አብዱናሲር ነው። ሶደሬ የመኪና ጎማ ሊጠግን ሄዶ ከአንድ ወዳጁ አሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ ይዞ መጣ።

«እንግዲህ የመጋረጃ በረኛ ይኖረናል» አለ። «ጎል ሲመጣ ገለጥ ይላል።»

ዲንቄ መጋረጃውን ቆርጣ ሰፋችው። አንድ ነገር ከሠራች አስተካክላ ካልሆነ አይሆንላትም። የአሮጌውን ማልያ ልክ በልቧ ታውቀዋለች፤ ኮሌታውን እንደዚያው አደረገች፤ ክርኑ ላይ ስፖንጅ አስገባች፤ ቁጥሩን ከአቡጀዲ ቆርጣ በዚያው ስፌት ሰፋች። መጋረጃው ግራ ክርኑ ላይ ብል በልቶት ስለነበር እዚያም ጠገነችው። ስትጨርስ ሽቦው ላይ ሰቅላ ራቅ ብላ አየችው። ሙሉብርሃን አጥሩ ጋ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት።

በዓሉ ዕለት ቡድኑ ተሸነፈ። አዲሱ በረኛ ግን ሲወድቅ ሲነሣ ውሎ፣ ማልያው በላብና በጭቃ ርሶ፣ ከሌሎቹ ጋር በጆንያ ወደ ዲንቄ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ማልያዎቹን ግቢው ውስጥ ዘርግፋ አረንጓዴውን ለብቻ ለማጠብ ከላይ አስቀመጠችና ውሃ ልትቀዳ ወደ ቦኖው ሄደች። ከመጋረጃ የተሰፋውን ማልያ ነገር ለወይዘሮ የሺዓለም አልነገረቻቸውም ነበር። ለምን ትነግራቸዋለች? የልጃቸው እንደሆነ ከመደርደሪያው አልወረደም።

ስትመለስ ወይዘሮ የሺዓለም ግቢው መሀል ቆመዋል። አረንጓዴውን ማልያ በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ቀብረውበታል። ዲንቄ ጀሪካኗን ሳታወርድ ቀረች።

«እትዬ የሺዓለም፣ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ...»

ወይዘሮዋ ቀና አሉ። ጉንጫቸው ላይ ጭቃ ነክቷል፤ ዓይናቸው ግን ዲንቄ ከጥምቀት ወዲህ አይታው የማታውቀው ዓይን ነው።

«ወዝ አለው፣ ዲንቄ» አሉ። «እርጥብ ነው። ይሄን ሁሉ ወር ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ወዙ አልደረቀም። ልጄ ይሮጣል ማለት ነው። የትም ይሁን፣ ይሮጣል።»

«እትዬ፣ እሱ ማልያ እኮ...»

«ምንም አትበይኝ። ይሄው ክርኑ፣ ያን ቀን ተቀደደብኝ ያለኝ። አንቺ የጠገንሽው ነው፤ እጅሽን አላውቀውም?» እንደገና አሸተቱት። «እንዳታጥቢው ብቻ። እለምንሻለሁ።»

ማልያውን እንደ ሕፃን አስተኝተው መለሱትና ሄዱ። ሲወጡ ነጠላቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወርዶ ነበር፤ አደግድገው የመጡበትን ረስተውታል። መንገድ ላይ ለሰላምታ ያቆማቸውን ሰው ሲያጫውቱ ድምፃቸው እስከ ግቢው ይሰማል።

ዲንቄ ጀሪካኗን አወረደች። እውነቱን ዛሬውኑ መንገር አለብኝ አለች በልቧ። የባዕድ ልጅ ላብ አሽትተው ሲደሰቱ ዝም ማለት ኃጢአት ነው። እውነተኛውን ማልያ ይዤ እሄዳለሁ፤ ይሄ ነው የእርስዎ፣ አልታጠበም፣ ብዬ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። ወደ ቤት ገብታ ካርቶኑን አወረደችው። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ ሲባጎው ላይ አቧራ ተኝቷል። ፈታችው።

መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ እንዶድና ፀሐይ። ማልያው ታጥቧል። ተገልብጧል። እጅጌዎቹ ወደ ደረቱ ታጥፈዋል፤ እሷ ለባለቤቱ የምታስረክበው ማልያ እንደሚታጠፈው፣ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ። ክርኑ ላይ የነበረው የቆቃ ጭቃ የለም። አረንጓዴው ሳሳ ብሏል፤ ብዙ ቀለም በውሃ እንደለቀቀ ጨርቅ።

ዲንቄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የነሐሴው ውሃ ትዝ አላት፤ ከክርኗ የተንጠባጠበው። ያን ዕለት ነው የታጠበው። እሷ አላጠበችውም፤ እጇ ግን እዚያ ነበር።

ማልያ የሚታጠበው ባለቤቱ የሄደበት ሲደርስ ነው። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት። እንግዲህ ሙሉብርሃን ደርሷል። ወደ ቤቱ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች፤ ወደ ቤቱ ቢሆን ኖሮ አጥሩ ጋ ቆሞ ማልያዬ በሽታ አለበት ወይ እያለ ይጠይቃት ነበር።

የታጠበውን ማልያ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችና ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ለእናቱ ማድረስ አለባት፤ ከእሷ በቀር የሚያደርሰው የለም። አንድ ጠዋት ጥቅሉን በነጠላዋ ሸፍና እስከ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ወይዘሮ የሺዓለም በራቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ያባዝታሉ፤ ለጎረቤታቸው ሲነግሩ ትሰማለች።

«ፍራሹ ጎርብጧል። ሲመጣ እግሩ ረጅም ነው፤ ከአልጋው ይወጣል፤ በግርጌው በኩል ልጨምርለት ብዬ ነው።»

ዲንቄ ከአጥሩ ማዶ ጥቂት ቆማ በመጣችበት ተመለሰች።

ወይዘሮ የሺዓለም ቡድኑ በተጫወተ ማግስት መምጣታቸውን አልተዉም። ካርቶኑን አይጠይቁም አሁን፤ ግቢው ውስጥ አረንጓዴውን ያነሣሉ፤ ያሸታሉ፤ «ዛሬ በጣም ሮጧል» ይላሉ። ዲንቄ ያንን ማልያ እሳቸው ሳይመጡ አታጥብም፤ ሲሄዱም ለማጠብ ጊዜ አታገኝም። አዲሱ በረኛ አንድ ቀን አፍንጫውን ይዞ መጣ።

«አዴ ዲንቄ፣ የሰው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የእኔ ብቻ ለምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቀለሙ ይለቃል» አለችው፤ ፊቷንም አላዞረችም። በዚህኛው ጊዜ ግን እየሳቀች አልነበረም።

ቡድኑም እየሳሳ ሄደ። በየውትድርናው ዙር አንድ ሁለት ልጅ ይጎድላል፤ መደርደሪያው ላይ ካርቶን ይጨመራል። አብዱናሲር ብቻውን ኳስ እየጠገነ ተቀመጠ። ጓድ ሰብስቤም አንድ ቀን ሸሚዙን እስከ አንገቱ እንደቆለፈ ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ታየ፤ እሱን የሚጠብቀው ማልያ እንኳ አልነበረውም። ዲንቄ እያንዳንዱን ካርቶን አሥራ ታስቀምጣለች፤ አንዱንም አትከፍትም። ውሃዋ የወይን ጠጅ ቀለም ሲይዝ ሳፋውን ትደፋና ወደ መደርደሪያው ሳታይ ትውላለች።

ጥቅሉ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። በር ሲከፈት ይወዛወዛል፤ ነፋስ ሲገባበት ደረቱ ትንሽ ይነፋል። ዲንቄ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ስትለብስ ታወርደዋለች። አቧራውን በእጇ ትጠርግለታለች። ዛሬስ አደርሳለሁ ብላ ክንዷ ሥር ታደርገውና እግሯን ከደጃፉ ታወጣለች። ከዚያ ቦኖው ሳይዘጋ መጀመሪያ ውሃ ልቅዳ ትላለች፤ ጥቅሉንም ሚስማሩ ላይ መልሳ፣ ጀሪካኗን አንሥታ ትወጣለች።